በአንድ በር ገብተው በሁለት ጡረታ የወጡት፦ የጀነራል ሞተርስ ጉዳይ ከጅማ ሲታይ

ነገሩ የተነሳው በአይሱዙ ነው። ጅማ ውስጥ ብዙ ነገር የሚነሳው በአይሱዙ ነው፤ ቡናውም፣ ጭቅጭቁም፣ አደጋውም። አልቃይዳ የሚል ስም ያወጣንለት ወደን አይደለም። ቡና በሚወርድበት ሰሞን አጂፕ አካባቢ ያለው የጋሼ ጋራዥ በር ላይ ሦስት አራቱ ተደርድረው ይቆማሉ። እኔ መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ጋሼ ይፈታሉ ይገጥማሉ፣ በመሃል ጀበናው ይመጣል፣ ወሬው ይቀጥላል።

አንድ ቀን ጋሼ ከመኪናው ሥር ተኝተው «ይሄ አይሱዙ በፊት የአሜሪካኖች ነበር የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው አልኳቸው። ጀነራል ሞተርስ፣ በአጭሩ ጂኤም፣ በ1971 የአይሱዙን አክሲዮን ገዝቶ ገባ። አንድ ሰሞን ድርሻው 49 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ እየቀነሰ መጥቶ በ2006 የቀረችውንም ሸጦ ወጣ።

«ምነው ሸጡት?»

«ገንዘብ አጠራቸው።»

«አሜሪካኖችን?» ብለው እዚያው ሥር ሆነው ሳቁ። የያዙትን ቁልፍ ጣሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንግሥት የወደቀ መኪና ፋብሪካ ማንሳት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክራችን አላባራም። እኔ ያነበብኩትን አመጣለሁ፣ ጋሼ የኖሩትን ያመጣሉ። ይሄ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንዴት ወደቀ

ጂኤም በ1908 ነው የተመሠረተው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ ሁለት መኪኖች አንዱ የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ2008 ከአምስት አንዱ ገደማ ቀረ። ቶዮታና ሆንዳ ትንሽ ነዳጅ የምትጠጣና ቶሎ የማትበላሽ መኪና ይዘው ሲመጡ፣ ጂኤም ትርፉ ያለው ትልልቁ ፒካፕ ላይ ነው ብሎ እዚያው ተቀመጠ። በሰኔ 2008 ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። ለእኛ ይሄ ብርቅ ላይመስል ይችላል፣ ለእነሱ ግን ዱብ ዕዳ ነበር።

በዚያው ዓመት ባንኮቹ ተናጉ። አሜሪካ ውስጥ መኪና በአብዛኛው የሚገዛው በብድር ነው። ብድር ሲደርቅ ገዢ ጠፋ። በ2007 ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ መኪና የሸጠ ገበያ በ2009 ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። ጂኤም በ2008 ብቻ 30.9 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። በኅዳር ወር የነበረውን የሱዙኪን 3 በመቶ ድርሻ ሸጠ። ሰው የቤት ዕቃ መሸጥ ሲጀምር ጎረቤት ያውቃል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላጥራ፣ ምክንያቱም ያኔ ሠራተኛውን አብዝቶ ያስወቀሰው እሱ ነው። «የጂኤም ሠራተኛ በሰዓት 70 ዶላር ይወስዳል» የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። ውሸት ነው ማለት አይቻልም፣ እውነትም አይደለም። ነባሩ ሠራተኛ እጁ ላይ የሚደርሰው በሰዓት 28 ዶላር ገደማ ነበር። የቀረው ጥቅማ ጥቅምና፣ ከሁሉም በላይ፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ተቀጥረው በጡረታ የወጡ ሰዎች አበልና ሕክምና ነው። የእነዚያን ሁሉ ወጪ ዛሬ ማሽን ላይ በቆመው ሰው ሰዓት አካፍለው 70 አሉት። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው «ማለት የእኔን የአባቴን የሆስፒታል ዕዳ ደሞዜ ነው ብለው ጻፉብኝ?» አሉ። ከዚህ የተሻለ አላብራራም።

ልመናው

በኅዳር 2008 የጂኤም፣ የፎርድና የክራይስለር አለቆች 25 ቢሊዮን ዶላር ሊለምኑ ዋሽንግተን ገቡ። ሦስቱም በየግል አውሮፕላናቸው ነው የሄዱት። የምክር ቤት አባላቱ አላለፏቸውም፣ አዋረዷቸው። በታኅሣሥ ሲመለሱ ከዲትሮይት በመኪና ነዱ፣ ያውም ነዳጅ ቆጣቢ በተባለው። የሚለምኑት ግን ወደ 34 ቢሊዮን አድጎ ነበር። (አውሮፕላኑን ትተው ልመናውን ጨመሩ፣ አለ አንድ ጎሚስታ።)

የታችኛው ምክር ቤት 14 ቢሊዮን ፈቀደ። ሴኔቱ ላይ ወደቀ። የወደቀበት ምክንያት ደግሞ የሠራተኛ ደሞዝ ነው። ተቃዋሚዎቹ፣ በተለይ እንደ ቴነሲና አላባማ ካሉ የውጭ መኪና ፋብሪካ ካለባቸው ግዛቶች የመጡት፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ደሞዙን በ2009 ከእነ ቶዮታ ጋር እኩል ያውርድ አሉ። ማኅበሩ፣ ዩኤደብሊው የሚባለው፣ በ2011 ይሁን አለ። በሁለት ዓመት ልዩነት ተበተኑ። ባንኮቹን በብዙ መቶ ቢሊዮን ሲታደጉ የባንክ ሰዎቹ ደሞዝ እንዲህ መሰናክል አልሆነም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቡሽ ሊወርዱ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ ታኅሣሥ 19፣ ለባንኮች ከተያዘው ገንዘብ ላይ 17.4 ቢሊዮን አውጥተው ሰጡ። 13.4ቱ ለጂኤም፣ 4ቱ ለክራይስለር። ፎርድ አልወሰደም። ጀግና ስለሆነ አይደለም። በ2006፣ ብድር ሳይደርቅ፣ ፋብሪካውንም ሰማያዊ አርማውንም አስይዞ 23 ቢሊዮን ከምናምን ተበድሮ ስለነበር ነው። ዕድልም ብልሃትም።

ታዲያ ፎርድ ሳይወስድ ተወዳዳሪዎቹ እንዲድኑ ለምን አብሮ ለመነ? መልሱ ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ይገባል። ከጋሼ ጎን ያሉት ሁለት ጋራዦች ቢዘጉ ጋሼ መጀመሪያ ደስ ይላቸው ይሆናል። በወሩ እኔ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ምክንያቱም በአንድ ጋራዥ አልኖርም። እኔ ስዘጋ ጋሼ የፍሬን ሸራ ለመግዛት 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ዲትሮይትም እንደዚያው ነው። ሦስቱ ፋብሪካዎች የሚገዙት በአብዛኛው ከአንድ ዓይነት መለዋወጫ አምራቾች ነበር። ጂኤም ሲሞት አምራቹ ይሞታል፣ አምራቹ ሲሞት ፎርድ መኪናውን በምን ይገጥማል?

ኪሳራውና ክፍፍሉ

ኦባማ መጡ። ስቲቨን ራትነር የሚባል የገንዘብ ሰው የሚመራው ቡድን ተቋቋመ። በመጋቢት 2009 መጨረሻ የጂኤም አለቃ ሪክ ዋጎነር እንዲለቅ ተደረገ። ክራይስለር ሚያዝያ 30 በፍርድ ቤት ኪሳራ አወጀ (ዕዳው እየተስተካከለ ሥራው የሚቀጥልበት ነው)፣ ለፊያት ተዳረ። ጂኤም ሰኔ 1 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ሐምሌ 10 ወጣ። አርባ ቀን። ክርስትና የማንሳት ያህል።

«ይክሰሩ፣ መንግሥት አይግባ» ይሉ የነበሩት፣ ለምሳሌ አባቱ የመኪና ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሚት ሮምኒ፣ እንደውም ልክ ነበርን ይላሉ። ከሰሩ አይደል? ከሰሩ። ግን ኪሳራ ውስጥ ያለ ድርጅት አርባ ቀንም ቢሆን መብራት ይከፍላል፣ ብረት ይገዛል፣ ደሞዝ ይከፍላል። ያን የሚያበድር የግል ባንክ በ2009 መጀመሪያ አልነበረም። ባንኮቹ ራሳቸው አልጋ ላይ ነበሩ። መንግሥት ባይገባ የሚሆነው ታድሶ መውጣት ሳይሆን በኪሎ መሸጥ ነበር። ስለዚህ መታደግ ነበረበት ወይ ለሚለው የኔ መልስ አዎ ነው፣ በዚያ ወቅት። በሌላ ዓመት፣ ባንክ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቢሆን ኖሮ፣ አይሆንም እል ነበር።

አዲሱ ጂኤም እንዲህ ተከፋፈለ፦ የአሜሪካ መንግሥት 60.8 በመቶ፣ የዩኤደብሊው የጡረተኞች ሕክምና ፈንድ 17.5፣ ካናዳና ኦንታሪዮ 11.7፣ ቦንድ የያዙ አበዳሪዎች 10። ሠራተኛው ፋብሪካውን ወረሰ ብለው የጮኹ ነበሩ። ነገር ግን ያ ፈንድ ከጂኤም ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ ሊቀበል የተፈረመለት ነው። በብሩ ፈንታ ትልቁን ክፍል አክሲዮን ውሰድ ተባለ። ዕዳ ያለበት ሰው በብር ፈንታ በሬውን ሲሰጥህ ወረስክ አይባልም። በሬው ይታረስበት አይታረስበት ገና አይታወቅማ።

ገንዘብ ያበደሩትም ቢሆኑ ሁሉም ወፋፍራም ሀብታም አልነበሩም። ክራይስለር ላይ የኢንዲያና ግዛት የመምህራንና የፖሊሶች ጡረታ ፈንዶች ገንዘባቸው ነበረበት፣ ያውም በመያዣ። ለአንድ ዶላር 29 ሳንቲም ውሰዱ ሲባሉ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። አልተሳካላቸውም። የመኪና ሠራተኛው ሕክምና እንዲተርፍ የአስተማሪው ጡረታ ትንሽ ተነካ ማለት ነው። ይሄን የሚያነሳ «ለሠራተኛ እንቁም» ባይ ብዙ አይቼ አላውቅም፤ እኔም እስካነበው ድረስ አላነሳሁትም።

ሠራተኛው ምን ሰጠ

በ2007 ስምምነት አዲስ የሚቀጠር ሰው በሰዓት 14 ዶላር ገደማ ይጀምር ተባለ። የነባሩ ግማሽ። ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድ ብሎን እያጠበቁ። በ2009 ደግሞ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚወጣው ጭማሪ ታገደ፣ ጉርሻው ቀረ፣ እስከ 2015 ሥራ ላለማቆም ተፈረመ። ከአሥር በላይ ፋብሪካ ተዘጋ። ፖንቲያክና ሳተርን የሚባሉት መኪኖች ከነስማቸው ጠፉ። ክራይስለር በአንድ ደብዳቤ 789 ሻጮቹን አሰናበተ፣ እነዚያም ሠራተኛ ነበራቸው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ዴልፋይ ነው።

ዴልፋይ የጂኤም የመለዋወጫ ክፍል ነበር። በ1999 ጂኤም ለይቶ ራሱን እንዲችል አወጣው። ሲለየው ማኅበራቱ ጠረጠሩ። ልጁ ከቤት ሲባረር ስንቁ ምንድን ነው አሉ። አንዲት ወረቀት አስፈረሙ፦ ዴልፋይ ጡረታችንን መክፈል ቢያቅተው ጂኤም ይሞላልናል። ተፈረመች። የማኅበር አባል ያልሆኑት፣ ማለትም መሐንዲሱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የፈረቃ አለቃው፣ ጸሐፊዋ፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አልነበራቸውም። የቢሮ ሰው ነን፣ የአስተዳደር ወገን ነን ብለው ነበር።

ዴልፋይ በ2005 ከሰረ። በሐምሌ 2009 የጡረታ ፈንዱን የመንግሥቱ የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተረከበው። ድርጅቱ የሚከፍለው ጣሪያ አለው። በማኅበር የታቀፉት የጎደላቸውን አዲሱ ጂኤም ሞላላቸው፣ በዚያች በ1999 ወረቀት ምክንያት፣ በግብር ከፋዩ ገንዘብ በቆመው ጂኤም ማለት ነው። ሃያ ሺህ ገደማ የቢሮ ጡረተኞች ግን የጎደለባቸው ጎደለ። አንዳንዱ ሲሶ፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። የሕክምና መድኑም ሄደ። በአንድ በር ገብተው ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰዎች በሁለት ዓይነት ጡረታ ወጡ። ክስ መሠረቱ። አሥር ዓመት ከምናምን ተሟገቱ። ጥር 2022 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላይም አላቸው።

የመንግሥት ክርክር ቀላል ነበር፦ ማኅበሩ ሥራ ቢያቆም አዲሱ ጂኤም ይቆማል፣ ጡረተኛ ጸሐፊ ግን ምንም አታቆምም። እንደ ንግድ ካየኸው ትክክል ነው። እንደ ሰው ካየኸው ግን ይጎመዝዛል።

የኛው

ይሄን ያነበብኩ ቀን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እዚሁ ከተማ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። መኪኖቹ በብድር የተገዙ ናቸው። አንድ የቡና ዓመት ተበላሸ፣ ሁለተኛው ተደገመ፣ ደሞዝ መቆየት ጀመረ። መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በወር። ባለቤቱ «ታገሱኝ፣ አንድ ቤተሰብ ነን» ይል ነበር። አራት ወር ታገስን። አንድ ጠዋት ስንመጣ በሩ ታሽጓል።

እኔ የቅጥር ደብዳቤ ነበረኝ። ማኅተም ያለበት፣ ደሞዙ በቁጥርም በፊደልም የተጻፈበት። ክስ መሠረትኩ፣ ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ ከአራቱ ወር የሁለቱን ያህል አገኘሁ። ጋሼ ግን እዚያው ድርጅት ስድስት ዓመት የሠሩት በቀን ሒሳብ ነው። የሚፈርሙበት የሻይ ብርጭቆ ያበላሸው ደብተር ነበር፣ እሱም ከቢሮው ጋር ታሸገ። ምስክር ይሁኑ የተባሉት ሾፌሮች ደግሞ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወደ ቦንጋም ወደ በደሌም ተበትነዋል። ጋሼ ምንም አላገኙም። ያኔ የያዝዋትን የቁልፍ ሳጥን ይዘው ነው ይሄን ጋራዥ የጀመሩት። ሳጥኗም የድርጅቱ ናት፣ ይሄን እዚህ መጻፌን ካወቁ ይቆጡኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ለመቅደም መጀመሪያ ሠራተኛ መሆንህን ማሳየት አለብህ።

ስለዚህ ጋሼ «መንግሥት ይግባ» ሲሉኝ፣ «ገብቶ ማንን ነው የሚያነሳው?» ነው የምላቸው። ፋብሪካ ሲታደጉት የሚታደጉት ሕንፃውን፣ ብድሩንና ስሙን ነው። ሠራተኛው የሚነሳው ሲታደጉት በተጻፈው ውል ውስጥ ስሙ እስካለ ድረስ ነው። ጋሼ ደግሞ ይመልሱልኛል፦ «ፋብሪካው ከሌለ ስሜን የት ይጽፉታል?» እዚህ ላይ ሁሌም ያሸንፉኛል፣ ለጊዜው።

ከዚያ በኋላ

መንግሥት ጂኤም ላይ 49.5 ቢሊዮን ገደማ አፈሰሰ። በኅዳር 2010 አክሲዮኑ በ33 ዶላር ገበያ ወጣ፣ በታኅሣሥ 2013 የመጨረሻውን ሸጦ ወጣ፣ ወደ 11 ቢሊዮን ከሰረ። አትራፊ ነበር የሚሉ ስሌት ያመጣሉ፤ ሥራ አጥ ለሚሆነው ሊከፈል የነበረው፣ የሚቀረው ግብር እያሉ። ስሌቱን እቀበላለሁ። 11 ቢሊዮን ግን 11 ቢሊዮን ነው፣ ዋጋ ነው፣ ደብቀን አንሸጠው።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሠራተኛው የሰጠው መቼ ይመለስለታል የሚል ቀን በውሉ ላይ አልነበረም። ጂኤም ትርፍ በትርፍ ሆነ። የታገደው የኑሮ ውድነት ጭማሪ ታግዶ ቆየ። ኦሃዮ ውስጥ ሎርድስታውን የሚባለው፣ ከ1966 ጀምሮ የሠራ ፋብሪካ፣ መጋቢት 2019 የመጨረሻውን መኪና አውጥቶ ቆመ። በዚያው ዓመት መስከረም ሠራተኞቹ ወጡ፣ 40 ቀን ሥራ አቆሙ። ሎርድስታውን አልተከፈተም። ጭማሪው የተመለሰው በ2023 ነው፣ እንደገና ሥራ አቁመው፣ ከ25 በመቶ የደሞዝ ዕድገት ጋር። ከ2009 እስከ 2023 ቁጠሩ። ለአርባ ቀን ኪሳራ አሥራ አራት ዓመት ክፍያ።

ቢሆንልኝ ኖሮ አንድ መስመር ነበር የማስገባው፦ መንግሥት አክሲዮኑን ሸጦ በወጣ ዕለት የታገደው ሁሉ ይመለሳል። ከባድ አልነበረም። መንግሥት 60.8 በመቶውን ይዞ ነበር እኮ።

እኛ ጋ ጂኤም የለም። ግን ጥያቄው እየመጣ ነው። ጅማ ዳር ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2018 መጨረሻ ተመረቀ። አገሪቱ በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስሸጠው ዕድል፣ ስትሰረዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ምን እንደተሰማቸው ሰምተናል። በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ መኪና መገጣጠም የብዙ ሰው አፍ ላይ ነው። አንዱ ነገ ይቸገራል፣ ድጋፍ ይጠይቃል፣ ሠራተኛውን ፊት አሰልፎ። ያን ቀን የሚጻፈው ውል ላይ የሠራተኛው ገጽ ስንተኛው ነው የሚለውን እኔ አያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ይሄን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፣ የሳጥኗን ዘልዬ። ዴልፋይ ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ረዳታቸውን አዩት። ልጁ ራዲያተር እያጠበ ነበር፣ ጋራዡ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው።

«አንተ፣ ይሄ ልጅ ወረቀት አለው?» አሉኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

«እርስዎ ነዎት የቀጠሩት፣ ጋሼ።»

«ያንተስ ሱቅ ያለው?»

ሕጉ በጽሑፍ ያልቀጠርከውን ሰው በ15 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ስጠው ይላል። የኔው ልጅ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቡናዬን ጠጣሁ።